ስቴቱ ቢፈቅድም ኢሚግሬሽን አልፈቀደም፦ ማሪዋና በተፈቀደበት ከተማ ወረቀትዎን እንዴት ይጠብቃሉ?

በኖቬምበር 2022 የሜሪላንድ መራጮች «አራተኛው ጥያቄ» የሚል ቀረበላቸውና ከሦስቱ ሁለቱ ያህል ማሪዋና ለመዝናኛ ይፈቀድ አሉ። ከጁላይ 1 ቀን 2023 ወዲህ 21 ዓመት የሞላው ሁሉ መታወቂያ አሳይቶ ከሱቅ ይገዛል። ዲሲ ቀድማ በ2014 ድምፅ ሰጥታ በፌብሩዋሪ 2015 ሥራ ላይ አውላዋለች። ቨርጂኒያ ከጁላይ 2021 ጀምሮ መያዝን ፈቀደች፤ ሽያጩን የሚፈቅደውን ሕግ ግን ምክር ቤቷ በ2024ም በ2025ም ቢያጸድቀው የወቅቱ ገዢ ያንግኪን ሽረውታል።

ክርክሩ አላለቀም። ይፈቀድ የሚሉት በጥቁር ወጣቶች ላይ ሲፈጸም የኖረውን እስርና ለስቴቱ የሚገባውን ቀረጥ ያነሳሉ። አይፈቀድ የሚሉት ስለ ልጆችና ስለ መኪና አደጋ ይሰጋሉ። ሁለቱም ወገን የዘለለው ለሐበሻው ግን ዋናው ነው፦ ድምፁን የሰጠው ስቴት ነው፤ ግሪን ካርድ የሚሰጠውም የሚነጥቀውም ፌዴራል ነው። የሚገርመው፣ ውጤቱ ይበልጥ የሚጎዳው ድምፅ መስጠት የማይችለውን ሰው መሆኑ ነው። ታኮማ ፓርክ ሲትዝን ያልሆነ ነዋሪ ለከተማው ምክር ቤት ይመርጣል፤ አራተኛው ጥያቄ ግን የስቴቱ ስለነበር እሱንም አላሳተፈም።

ይህ ጽሑፍ ግሪን ካርድ ላላቸው፣ አሳይለም ለጠየቁ፣ በቲፒኤስ (አገራቸው ችግር ላይ ስለሆነ በተሰጠ ጊዜያዊ ጥበቃ) ወይም በተማሪ ቪዛ ለሚኖሩ፣ ዲቪ ደርሷቸው ለሚጠብቁ ነው። ሲትዝን የሆነ ሰው ስለ ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ)፣ ስለ ፌዴራል መሬትና ስለ ጉዞ የተጻፈውን ብቻ ቢያነብ ይበቃዋል።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይጥራ

ማሪዋና በ1970 በወጣው የፌዴራል ሕግ ከሄሮይን ጋር በምድብ 1 ተመደበ። በሜይ 2024 የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ወደ ምድብ 3 ይውረድ የሚል ረቂቅ ሲያወጣ ብዙ ሰው «አበቃ፣ ተፈቀደ» ብሎ ነበር። አይደለም። የኢሚግሬሽን ሕጉ የሚቀጣው ከአምስቱ ምድቦች በማናቸውም ውስጥ ያለን ቁጥጥር የሚደረግበት ዕፅ ነው፤ ከ1 ወደ 3 መውረዱ ለግሪን ካርድ ባለቤት የሚቀይረው ነገር የለም። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚወጣውን ዜና እያዩ ጠባይዎን አይቀያይሩ።

ጫትም እዚሁ ላይ ይነሳ። አገር ቤት በአደባባይ የሚሸጠው ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን እዚህ በምድብ 1 ነው። «ዕፅ ነክቼ አላውቅም» ብሎ ከልቡ የሚምል የጫት ቃሚ ብዙ ነው።

ግራሙን ይወቁ

ሦስቱ ጎረቤታሞች ሦስት ልክ አላቸው። ዲሲ 2 ኦንስ፣ ሜሪላንድ 1.5 ኦንስ፣ ቨርጂኒያ 1 ኦንስ። አንድ ኦንስ 28.35 ግራም ነውና በግራም 56.7፣ 42.5 እና 28.35 ይሆናል። የኢሚግሬሽን ሕግ ደግሞ የራሱ ቁጥር አለው፦ 30 ግራም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለራሱ ሊጠቀምበት 30 ግራም ወይም ከዚያ በታች ማሪዋና ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ ቢፈረድበት ለዲፖርቴሽን አያበቃውም። ከ30 ካለፈ ወይም ሁለተኛ ጊዜ ከሆነ ያበቃዋል።

ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የተለመደው ፓኬት 3.5 ግራም ይይዛል። ስምንቱ 28 ግራም ነው። ዘጠነኛውን ሲጨምሩ 31.5 ይሆንና የ30ውን መስመር አልፈዋል። በሜሪላንድ ሕግ ግን አሥራ ሁለት ፓኬት ድረስ ሕጋዊ ነዎት። ሻጩ ይህን አይነግርዎትም፤ መንገርም ግዴታው አይደለም።

ማብቀል ከመያዝ የባሰ ነው። ሜሪላንድ በአንድ ቤት 2 ተክል፣ ቨርጂኒያ 4፣ ዲሲ ለአንድ ሰው 6 ትፈቅዳለች። በፌዴራል ሕግ ግን ማብቀል «ማምረት» ነው፤ የ30 ግራሙ ይቅርታ አይደርስለትም። ሲትዝን ያልሆነ ሰው በረንዳው ላይ አንድ ችግኝ እንኳ ባይኖረው ይሻላል፤ ቤቱ በኪራይ ድጎማ ከሆነ ደግሞ ቤቱንም ሊያጣ ይችላል።

ለጓደኛ «ማምጣት» የሚባለውም አለ። በነፃ ማካፈልን ዲሲ እስከ 1 ኦንስ ትፈቅዳለች። ገንዘብ ከተጨመረበት ግን ሽያጭ ነው፤ በኢሚግሬሽን ዓይን ሽያጭ ከያዥነት ጋር የማይወዳደር ከባድ ወንጀል ነው። የዜል መልእክት ላይ የቅጠል ምልክት አድርጎ 40 ዶላር የላከ ጓደኛ ማስረጃ ጽፎልዎታል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተገዝቶ አሌክሳንድሪያ የሚደርስ ዕቃ የስቴት ድንበር ስለተሻገረ፣ ሁለቱም ወገን የሚፈቅደው መጠን ቢሆን እንኳ፣ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ማጓጓዝ ነው።

መንገዱ የማን ነው?

በዲሲ አካባቢ ከባዱ ነገር ይህ ነው። ሮክ ክሪክ ፓርክ፣ ናሽናል ሞል፣ በፖቶማክ ዳር የሚሄደው የጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ፣ ከዲሲ ወደ ባልቲሞር የሚወስደው ፓርክዌይ የደቡቡ ክፍል፣ ሁሉም የፌዴራል መሬት ናቸው፤ የሚጠብቃቸውም የፓርክ ፖሊስ ነው። እዚያ ላይ የሜሪላንድ ሕግ አይሠራም። መያዝ ብቻውን እስከ አንድ ዓመት እስርና ቢያንስ 1,000 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። እሑድ ከሰዓት ሮክ ክሪክ ውስጥ ሥጋ ጠብሰው ልጆች የሚያጫውቱ ቤተሰቦች ኪሳቸው ውስጥ ያለው ነገር በገቡበት መንገድ ሕጋዊ፣ በተቀመጡበት ሣር ላይ ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ደለስና ሬገን ኤርፖርት የፍተሻው መስመር የፌዴራል ነው፤ በሩ ላይ ቆመው «ቨርጂኒያ ተፈቅዷል» ማለት አይረዳም።

ፖሊስ ቢያስቆምዎት

ሜሪላንድ ከጁላይ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ፖሊስ ማሪዋና ሸተተኝ ብሎ ብቻ መኪና እንዳያስቆምና እንዳይፈትሽ ከልክላለች፤ ቨርጂኒያም ከልክላለች። መኪና ውስጥ ማጨስ ግን ለነጂውም ለተሳፋሪውም የተከለከለ ነው፤ ሰክሮ መንዳት ደግሞ በየትም አይፈቀድም።

መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናውን ወረቀትና ኢንሹራንስ ይስጡ። እጅዎን መሪው ላይ ያድርጉ። ከዚያ በላይ ለሚጠየቁት፣ በተለይ «ታጨሳለህ? መቼ አጨስክ?» ለሚለው መልስ የመስጠት ግዴታ የለብዎትም። ሁለት ዐረፍተ ነገር በቃል ይያዙ፦ «አይ ዎንት ቱ ስፒክ ቱ ኤ ሎየር» (ጠበቃ ማነጋገር እፈልጋለሁ) እና «አይ ዱ ኖት ኮንሰንት ቱ ኤ ሰርች» (ፍተሻ አልፈቅድም)። በትሕትና ይበሉት፤ ቢፈትሹም በአካል አይከላከሉ። «ሲትዝን ነኝ» ብሎ መዋሸት ከማሪዋናው የሚብስ ጥፋት ነው፤ በሐሰት ሲትዝን ነኝ ያለ ሰው ምሕረት የማግኘቱ ዕድል እጅግ ጠባብ ነው።

ፍርድ ቤት፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል

የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ፒቢጄ የሚባል ነገር ይሰጣሉ፤ ከፍርድ በፊት የሚሰጥ የአመክሮ ጊዜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ይላል፣ ዳኛው ጥፋተኝነቱን መዝገብ ላይ ሳያጸና ጥቂት ወር አመክሮና ትንሽ መቀጮ ይሰጠዋል፣ ጠበቃውም «እንኳን ደስ አለህ፣ አልተፈረደብህም» ይለዋል። በሜሪላንድ ሕግ እውነት ነው። በኢሚግሬሽን ሕግ ግን ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ማመን ሲደመር ማናቸውም ቅጣት ወይም ገደብ «ጥፋተኛ ተብሏል» ማለት ነው። አመክሮው ራሱ ገደብ ነው። በቨርጂኒያም ለመጀመሪያ ጥፋተኛ የሚሰጠው የማስተላለፍ መንገድ ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። ስሙ ቢያምርም የኢሚግሬሽን መኮንኑ ስሙን አያይም።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ጠበቃውን እንዲህ ይበሉ፦ «ሲትዝን አይደለሁም። ይህን ብፈርም በኢሚግሬሽን ጉዳዬ ምን ይመጣል? በጽሑፍ ንገረኝ።» የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ከሰጠው የፓዲላ ውሳኔ ወዲህ የወንጀል ጠበቃ፣ በመንግሥት የተመደበውም ጭምር፣ ይህን የመንገር ግዴታ አለበት። የሚሻለው ውጤት ዐቃቤ ሕጉ ክሱን መተዉ ነው፤ ወረቀቱ ላይ «ኖሌ ፕሮሴኩዪ» ተብሎ ይጻፋል፣ ባጭሩ «ኖል ፕሮስ» ይሉታል። ቀጥሎ የሚመጣው «ስቴት ዶኬት» ነው፤ ከስቴት ጋር ድምፁ ቢመሳሰልም ትርጉሙ ክሱን ሳይፈርዱ ወደ ጎን ማስቀመጥ ነው፤ ጥፋተኛ ነኝ ሳይሉ ከተሰጠ እንደ ፍርድ አይቆጠርም። ዳኛው ፊት ከቆሙ በኋላ ሳይሆን ከቀጠሮው በፊት ይጠየቅ።

የቆየ መዝገብ ካለ

የሜሪላንድ ገዢ ዌስ ሙር በጁን 2024 ከ175,000 በላይ የማሪዋና ጥፋቶችን ይቅር ብለዋል። ፕሬዚዳንት ባይደንም በኦክቶበር 2022 ለፌዴራልና ለዲሲ የመያዝ ጥፋት ይቅርታ አውጥተው ነበር፤ ግሪን ካርድ ያላቸውንም ያካትታል። ይቅርታው ሥራ ለማግኘትና ቤት ለመከራየት ይጠቅማል። ዕፅን በሚመለከተው የዲፖርቴሽን አንቀጽ ላይ ግን የገዢም የፕሬዚዳንትም ይቅርታ ፍርዱን አያጠፋውም። ከመዝገብ መሰረዝም እንዲሁ ነው፤ የስቴቱ ኮምፒውተር ቢረሳውም የኤፍቢአይ ዐሻራ አይረሳም።

መሰረዙ እንዲያውም ሌላ ችግር ያመጣል። ፋይሉ ከተሰረዘ በኋላ ኢሚግሬሽን «የጉዳዩን ውጤት የሚያሳይ ማስረጃ አምጣ» ሲል ፍርድ ቤቱ «እንዲህ ያለ ፋይል የለንም» ይላል፤ በሁለቱ መካከል ለወራት የሚንከራተት ሰው ብዙ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ መጀመሪያ ጉዳዩ ወደታየበት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ሄደው «ትሩ ቴስት ኮፒ» ይጠይቁ። የፍርድ ቤቱ ማኅተም ያለበት ቅጂ ነው፤ ሦስት ያውጡ። የክሱ ወረቀት፣ የውሳኔው ገጽና መጠኑ በግራም የተጻፈበት የፖሊስ ሪፖርት አብረው ይኑሩ። ግራሙ ካልተጻፈ የ30 ግራሙን ልዩነት የሚያስረዳልዎት ወረቀት የለም። ከዚያ የኤፍቢአይን መዝገብ በ18 ዶላር ያስወጡ። መሰረዝ ካስፈለገ ከዚህ በኋላ ነው። ፍርዱን ለመሻር የሚያስችል የሕግ ጉድለት ከነበረ፣ ለምሳሌ አስተርጓሚ ሳይኖር ፈርመው ከነበረ ወይም ጠበቃው ስለ ኢሚግሬሽን ካልነገረዎት፣ በጉድለቱ ምክንያት የተሻረ ፍርድ በኢሚግሬሽንም ይታወቃል። ልዩነቱ የተሻረበት ምክንያት ላይ ነው።

ለሲትዝንሺፕ ሲያመለክቱ

የኢሚግሬሽን ማመልከቻዎችን የሚያየው መሥሪያ ቤት ዩኤስሲአይኤስ በኤፕሪል 19 ቀን 2019 ባወጣው መመሪያ፣ በስቴት ሕግ የተፈቀደ ማሪዋና መጠቀምም ሆነ በዚያ ንግድ ውስጥ መሥራት «መልካም ሥነ ምግባር» የሚለውን መስፈርት ሊያሳጣ ይችላል ይላል። የሚመረመረው አምስት ዓመት ነው፣ በትዳር በኩል ለሚያመለክት ሦስት ዓመት። ያለ ፍርድ፣ ያለ እስር፣ በአፍ በተነገረ ቃል ብቻ ጉዳት ሊመጣ ይችላል።

እንዴት? መኮንኗ ፈገግ ብላ ትጠይቃለች። አመልካቹ «እዚህ እኮ ተፈቅዷል፣ ባለፈው ዓመት ዲሲ ውስጥ ሞክሬያለሁ» ይላል። እሷ ትጽፋለች፣ ቃሉን አንብባ ታስፈርማለች። በፍርድ ቤት ያልተረጋገጠ ነገር እዚያ ወረቀት ላይ ተረጋገጠ። በዚህ ጉዳይ ጥያቄ እንደሚመጣ ካወቁ ከቃለ ምልልሱ በፊት ጠበቃ ያማክሩ፤ አብሮ እንዲገባም ያድርጉ። መልስ አልሰጥም ማለት ይቻላል፤ ማመልከቻውን መሳብም ይቻላል። መዋሸት ግን አይቻልም፤ በመሐላ የተነገረ ሐሰት ሲትዝን ከሆኑ ከዓመታት በኋላም ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዴ ትክክለኛው ምክር አምስቱ ዓመት እስኪያልፍ መቆየት ነው፤ ግሪን ካርድ ይታደሳል።

የሕክምና ማሪዋና ካርድም እንደዚሁ የጽሑፍ ቃል ነው። ለግሪን ካርድ ወይም ለዲቪ የሚደረገው የሐኪም ምርመራም ስለ ዕፅ ይጠይቃል። ሐኪሙ የሱስ ችግር አለ ብሎ ከጻፈ ቪዛው ቢያንስ አንድ ዓመት ከዕፁ ርቆ እስኪታይ ይቆማል፤ የዲቪ ዓመት ደግሞ ሴፕቴምበር 30 ላይ ያበቃል። ማጨስን የሚያሳይ ፎቶና ቪዲዮ ስልክ ውስጥ ይዞ በደለስ መመለስም አይመከርም፤ የድንበር መኮንን ስልክ የመፈተሽ ሥልጣን አለው።

ሥራ

ዲስፔንሰሪ (ፈቃድ ያለው የማሪዋና ሱቅ) የሚከፍለው ጥሩ ሊሆን ይችላል። ሲትዝን ላልሆነ ግን ካሸሩም፣ ጥበቃውም፣ ቅጠል ቆራጩም፣ ዕቃ አድራሹም በፌዴራል ዓይን የዕፅ ንግድ ተሳታፊ ነው ሊባል ይችላል። ጥበቃ የሚሠሩ ሰዎች ይጠንቀቁ፦ ኤጀንሲው ዛሬ ባንክ፣ ነገ ማሪዋና ሱቅ ሊመድብዎት ይችላል። ምደባው ሲመጣ በኢሜይል እምቢ ይበሉና ኢሜይሉን ያስቀምጡ። ሕጉ በዕፅ ንግድ ባለፉት አምስት ዓመታት እያወቁ የተጠቀሙ ባለቤትንና ልጆችንም ሊነካ ስለሚችል «ሥራው የባሌ ነው» ማለት ሁልጊዜ አያድንም። ሱቅ ያለው ሰውም ቤቱን ለዲስፔንሰሪ ከማከራየቱ በፊት ጠበቃ ይጠይቅ።

ትራክ ነጂዎች፣ ሲትዝንም ሆናችሁ፣ ይህን አንብቡ። ሲዲኤል በፌዴራል ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሕግ ይተዳደራል። በሽንት ምርመራ 50 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ከደረሰ ወደ ማረጋገጫ ምርመራ ይሄዳል፤ እዚያ 15 ከደረሰ ወድቀዋል። አልፎ አልፎ ያጨሰ ሰው ላይ ለቀናት፣ ዘወትር የሚያጨስ ላይ እስከ ወር ሊገኝ ይችላል፤ ስለዚህ «ዓርብ ማታ ነው ያጨስኩት፣ ሰኞ ነው የነዳሁት» መከላከያ አይሆንም። የሐኪም ካርድም አይቀበሉም። «ሲቢዲ (ከዚያው ተክል የሚወጣ የማያሰክር ዘይት) ነው የወሰድኩት» ማለትም አይሠራም፤ እነዚያ ዘይቶች ውስጥ የሚያሰክረው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ሊኖር ይችላል፣ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ከወደቁ ስምዎ ክሊሪንግሃውስ በሚባለው የነጂዎች የዕፅ ምርመራ የፌዴራል መዝገብ ይገባል፤ ከኖቬምበር 18 ቀን 2024 ወዲህ ስቴቱ ሲዲኤሉን ራሱ ዝቅ ያደርገዋል። ለመመለስ ሳፕ የሚባለው የሱስ ባለሙያ ዘንድ ቀርቦ የታዘዘውን ጨርሶ፣ ዳግም ተመርምሮ ነፃ መሆን፣ ከዚያ በመጀመሪያው 12 ወር ቢያንስ ስድስት ድንገተኛ ምርመራ ማለፍ ነው። ወጪው አብዛኛውን ጊዜ ከኪስ ነው።

አገር ቤት ሲሄዱ

የ30 ግራሙ ይቅርታ ከአሜሪካ ሳይወጡ ላሉት ነው። በአነስተኛ መጠን አንድ ጊዜ የተፈረደበት የግሪን ካርድ ባለቤት ከቤቱ አይባረርም፤ ነገር ግን ለእናቱ ልቅሶ አዲስ አበባ ሄዶ ሲመለስ እንደ አዲስ ገቢ ተቆጥሮ ደለስ ላይ ሊያዝ ይችላል። ምሕረት የሚጠየቅበት መንገድ አለ፣ ረጅም ነው። ማናቸውም የዕፅ መዝገብ ያለው ሰው ትኬት ከመግዛቱ በፊት ጠበቃ ያናግር።

ሻንጣውን ደግሞ ባዶ አድርገው ይፈትሹት። ጋሚ (ማሪዋና ያለበት ከረሜላ)፣ ቬፕ (በባትሪ የሚጨስ)፣ ለእናት ጉልበት ተብሎ የተገዛ የሲቢዲ ቅባት፣ ሁሉም ይውጣ። ዕፅ በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 ወንጀል ነው። በዱባይ የሚያልፉ ከሆነም ሲቢዲ ራሱ እዚያ የተከለከለ ነው።

ለጠበቃ ሲሄዱ ይዘው የሚሄዱት፦ ማኅተም ያለበት የፍርድ ቤት ቅጂ፣ የፖሊስ ሪፖርት፣ የኤፍቢአይ መዝገብ፣ ግሪን ካርዱ በሁለቱም ገጽ ኮፒ ሆኖ፣ ከአሜሪካ የወጡበትና የተመለሱበት ቀን ዝርዝር፣ ያለፉት አምስት ዓመታት አሠሪዎች ስም። ፎርም የሚሞላና የሚተረጉም ሰው ጠበቃ አይደለም። የባር ቁጥሩን ወይም በፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የተሰጠውን የውክልና ፈቃድ ይጠይቁ፤ ማሳየት ካልፈለገ ወረቀትዎን አንስተው ይውጡ።